የፋይል ስም ርዝመት በስርዓተ ክወናና በመተግበሪያዎች ላይ የሚያስከትለው ጫና፦ በሰነድ ዝውውር ወቅት ሊተኮርበት የሚገባ ጉዳይ

የዊንዶውስ 10 ስርዓተ ክወና መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ይህን ተከትሎ ኮምፒውተሮቻቸውን የሚተኩ፣ ሰነዶቻቸውንም ወደ አዲስ ሰርቨር ወይም ወደ ክላውድ ማከማቻ የሚያዛውሩ ተቋማት ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ዓይነት ዝውውር አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለማከማቻ መጠን፣ ለኔትወርክ ፍጥነትና ለቫይረስ መከላከያ ነው። ይሁን እንጂ ዝውውሩን በመካከል የሚያቋርጥ፣ ሲብስም አንድን ሰነድ ማንም ሳያውቅ ወደ ኋላ የሚያስቀር ሌላ ምክንያት አለ። እርሱም የፋይል ስም ርዝመት ነው።

የፋይል ስም ለተጠቃሚው በዶሴ ሽፋን ላይ እንደሚጻፍ ርዕስ ቢታይም፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሰነዱ የሚገኝበት አድራሻ አካል ነው። ይህንን አድራሻ ማከማቻው፣ ስርዓተ ክወናውና መተግበሪያው እያንዳንዳቸው በራሳቸው መስፈሪያ ይለኩታል። አንዱ የተቀበለውን ስም ሌላው የማይቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳዩ በግእዝ ፊደል በሚጻፉ ቋንቋዎች ለሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች የተለየ ክብደት ያለው መሆኑም ከዚህ በታች ይታያል።

ከ8 ፊደል ወደ 255

በኤምኤስ-ዶስ ዘመን የፋይል ስም ከ8 ፊደል፣ የፋይሉን ዓይነት የሚያመለክተው ቅጥያም ከ3 ፊደል መብለጥ አይችልም ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር ባቀረበው ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የፋይል ስርዓት ገደቡን ወደ 255 ከፍ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ደግሞ ረጅም ስምን ወደ ብዙኃኑ ተጠቃሚ አደረሰ።

ዊንዶውስ 95 የተጠቀመው ግን ቀድሞ የነበረውን ፋት የተባለ የፋይል ስርዓት በመሆኑ፣ ነባር ፕሮግራሞችን ሳያውክ ረጅሙን ስም የሚያስቀምጥበት ዘዴ ያስፈልገው ነበር። የተመረጠው ዘዴ ረጅሙን ስም 13 ፊደል በሚይዙ ተጨማሪ የማውጫ መስመሮች ከፋፍሎ ማስቀመጥ፣ መስመሮቹንም ነባር ፕሮግራሞች አይተው እንዲያልፏቸው ምልክት ማድረግ ነበር። ለእያንዳንዱ ፋይል አጭር ስምም ጎን ለጎን ይሰጠዋል፤ ይህም በአብዛኛው የስሙ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላት፣ የሞገድ ምልክት (~) እና ቁጥር ነው።

መፍትሔው ዋጋ አስከፍሏል። ተጨማሪ መስመሮቹን የማያውቁ የቆዩ የዲስክ ማስተካከያ ፕሮግራሞች መስመሮቹን እንደ ስሕተት ቆጥረው ስለሚያጠፏቸው፣ ሰነዱ ሳይጎዳ ስሙ ብቻ ይጠፋ ነበር። ከዚህም ሌላ 46 ፊደልና ምልክት ያለው አንድ ስም አምስት የማውጫ መስመር ይወስዳል። በፋት16 ማከማቻ የመጀመሪያው ማውጫ የሚይዘው በተለምዶ 512 መስመር ስለሆነ፣ የዚህ ዓይነት ስም ያላቸው ፋይሎች ከ102 ሲያልፉ ዲስኩ ባዶ ቦታ እያለው ሌላ ፋይል አይቀበልም።

ስሙ ሲፈቀድ ዱካው ይከለከላል

ስም ብቻውን አይለካም። ከዲስኩ መለያ ጀምሮ በየማህደሩ አልፎ እስከ ፋይሉ የሚደርሰው ሙሉ ዱካም የራሱ ገደብ አለው። በዊንዶውስ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየው ገደብ 260 ሲሆን፣ አንዱ ለማብቂያ ምልክት ስለሚያዝ ለተጠቃሚው የሚቀረው 259 ነው። የማህደር ዱካ ደግሞ በ248 ይገደባል። የልዩነቱ ምክንያት በማህደሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ባለ 8 እና ባለ 3 ፊደል ፋይል፣ ነጥቡን ጨምሮ፣ የሚገባበት 12 ቦታ እንዲተርፍ መደረጉ ነው። የዶስ ዘመን ደንብ ዛሬም በዚህ መልኩ አሻራውን ትቷል።

ሁኔታውን በምሳሌ ማየት ይቻላል። «የ2017 በጀት ዓመት የሁለተኛ ሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት» የሚል የኤክሴል ፋይል ከነቅጥያው 47 ፊደልና ምልክት አለው። ይህ ፋይል እያንዳንዳቸው 40 ፊደል ስም ባላቸው አምስት ተደራራቢ ማህደሮች ውስጥ ቢቀመጥ ሙሉ ዱካው 255 ይሆናል። ዊንዶውስ ይቀበለዋል። ማይክሮሶፍት ኤክሴል ግን ከ218 የሚበልጥ ዱካ ያለውን ፋይል ለመክፈት ፈቃደኛ አይደለም። አንድ ባለሙያ በስሙ መጨረሻ ላይ «የመጨረሻ» የሚል ቃል ቢጨምር ዱካው 261 ደርሶ ዊንዶውስም በተለመደው አሠራሩ አይቀበለውም። ቃሉ የተጨመረው ከላይ ባለው ማህደር ስም ላይ ከሆነ ችግሩ በሥሩ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ይመለከታል።

በጋራ ሰርቨር ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ሠራተኛው የሥራ ክፍሉን ማህደር በአንድ ፊደል በተሰየመ ድራይቭ በኩል ስለሚከፍት አጭር ዱካ ይታየዋል፤ ፋይሉንም ያለ ችግር ያስቀምጣል። የመጠባበቂያ ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም ግን ከሰርቨሩ ሥር ስለሚጀምር ያንኑ ፋይል በረጅሙ ዱካ ያገኘዋል። ፕሮግራሙ ረጅም ዱካን የማይደግፍ ከሆነ ስሕተቱን በመዝገቡ ላይ ጽፎ ያልፋል። መዝገቡን የሚያነብ ባለሙያ ካልተመደበ፣ ሰነዱ ቅጂ እንደሌለው የሚታወቀው ዋናው ሲበላሽ ነው።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ገደቡን ማንሳት የሚያስችል ምርጫ አቅርቧል። ይሁንና ምርጫው በስርዓት አስተዳዳሪው መከፈቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ እያንዳንዱ መተግበሪያም ረጅም ዱካ መቀበል እንደሚችል በራሱ ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አንዱ ፕሮግራም የፈጠረውን ፋይል ሌላው ሊከፍተው፣ ሊቀዳው ወይም ሊሰርዘው የማይችልበት ሁኔታ ዛሬም አለ።

የግእዝ ፊደል በባይት ሲለካ

የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ መካተቱ የፋይል ስምን በአማርኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ለመጻፍ መሠረት ጥሏል። ቆጠራው ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ አንድን የግእዝ ፊደል እንደ አንድ አሃድ ስለሚቆጥር 255 ፊደል ይፈቅዳል። በሊኑክስ ሰርቨሮች በስፋት የሚሠራበት ኢኤክስቲ4 ግን የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ገደቡም 255 ባይት ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በመሆኑም በእንግሊዝኛ 255 ፊደል የሚፈቅደው ያው ማከማቻ በአማርኛ የሚፈቅደው 85 ብቻ ነው። ለጉራጊኛ አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዩኒኮድ 14.0 የተጨመሩት ፊደላት ደግሞ እያንዳንዳቸው 4 ባይት ይይዛሉ፤ በዊንዶውስም እንደ ሁለት አሃድ ይቆጠራሉ።

ገደቡ ከዚህም የሚጠብባቸው ቦታዎች አሉ። ኢክሪፕትኤፍኤስ በተባለው የምስጠራ ዘዴ የፋይል ስሞች ሲመሰጠሩ የሚፈቀደው 143 ባይት ነው፤ ይህም ከ47 የግእዝ ፊደል አይበልጥም። ለመጠባበቂያ ቅጂ የሚያገለግለው የቀድሞው የታር ቅርጽ ለአንድ ፋይል ስም የመደበው 100 ባይት ብቻ ነበር። ከላይ የተጠቀሰው የሩብ ዓመት ሪፖርት በፒዲኤፍ ቅጥያ ሲቀመጥ 46 ፊደልና ምልክት ቢሆንም በባይት ሲለካ 106 ስለሚሆን በዚያ ቅርጽ ውስጥ አይገባም። ተመሳሳይ ርዝመት ያለው የእንግሊዝኛ ስም ግን በ46 ባይት ያልፋል። በኋላ የመጡት የታር ቅርጾች ችግሩን ቢፈቱም፣ የቆዩ ፕሮግራሞች በሚሠሩበት ቦታ ሁሉ ችግሩ አብሮ ይቆያል።

በድረ ገጽ ላይ በሚጫኑ ሰነዶችም ልዩነቱ ይታያል። በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በ9 የላቲን ምልክቶች ስለሚተካ የዚሁ ሪፖርት ስም ወደ 302 ምልክት ያድጋል። ተገልጋዩ አድራሻውን ቀድቶ በመልእክት ሲልክ የሚደርሰው ርዕሱ ሳይሆን ትርጉም የለሽ የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ሊሆን ይችላል።

የታመቁ ፋይሎችም ትኩረት ይሻሉ። የዚፕ ቅርጽ ስሞችን በዩቲኤፍ-8 የመመዝገብ ደንብ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ደንቡን የማይከተል ፕሮግራም የአማርኛውን ስም ወደማይነበቡ ምልክቶች ይለውጠዋል። ዩኒኮድን የማይደግፉ የቆዩ የዊንዶውስ መተግበሪያዎች ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት (?) ይተኩታል። ይህ ምልክት በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ ስለሆነ መተግበሪያው ፋይሉን እያየው ሊከፍተው አይችልም።

የአጻጻፍ ልማድና የፊደል ምርጫ

ስም ሲረዝም የተከለከለ ምልክት የመግባቱ ዕድልም ይጨምራል። በመሥሪያ ቤቶች የተለመዱት «ዓ/ም»፣ «መ/ቤት» እና «ጠ/ሚ» የመሳሰሉ አኅጽሮቶች እንዲሁም የደብዳቤ ቁጥሮች እዝባር (/) አላቸው። እዝባር በሊኑክስ የማህደር መለያ ነው፤ በዊንዶውስም አይፈቀድም። በነጥብ የሚጻፈው «ዓ.ም.» በማህደር ስም መጨረሻ ላይ ሲውል ደግሞ ዊንዶውስ የመጨረሻውን ነጥብ ይቆርጠዋል። ማህደሩ የተፈጠረው በሌላ ስርዓት ላይ ከሆነ በዊንዶውስ ለመክፈትም ሆነ ስሙን ለመቀየር አስቸጋሪ ይሆናል።

ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላትም ሌላ እንቅፋት ናቸው። «ሰነድ» እና «ሠነድ»፣ «ዓመት» እና «አመት» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ስሞች ናቸው። በአንድ ማህደር ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንዱን የፈለገ ባለሙያ ሌላውን ላያገኘው ይችላል። ስሙ በረዘመ ቁጥር የአጻጻፍ ልዩነት የሚገባበት ቦታም ይበዛል።

አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሰነድ ከሌላው የሚለየው ቃል፣ ለምሳሌ «ክፍል 2» ወይም «የተሻሻለ» የሚለው፣ የሚጻፈው በስሙ መጨረሻ ላይ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ስሙን የሚያሳጥር ፕሮግራም የሚቆርጠው ይህንኑ መለያ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ሰነዶችም አንድ ስም ይዘው አንዱ ሌላውን ሊተካ ይችላል።

ደህንነትና የግል መረጃ

ረጅም ስም ለማጭበርበርም ያገለግላል። አጥቂዎች በስሙ መካከል ብዙ ክፍት ቦታ በመጨመር ትክክለኛውን ቅጥያ ከተጠቃሚው ዕይታ ያርቃሉ፤ ሰነድ የሚመስለው ፋይል ሲከፈት ጎጂ ፕሮግራም ሆኖ ይገኛል። ዊንዶውስ የታወቁ ቅጥያዎችን ሳይነገረው የሚደብቅ መሆኑ ይህን ያቀልላቸዋል።

በሌላ በኩል የተገልጋይን ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር ወይም የጤና ሁኔታ በፋይል ስም ላይ መጻፍ መረጃውን ለአደጋ ያጋልጣል። በይለፍ ቃል በተቆለፈ የተለመደ የዚፕ ፋይል ውስጥ ይዘቱ ቢመሰጠርም የፋይሎቹ ስም ዝርዝር ለማንም ይታያል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ባለበት በአሁኑ ወቅት የስም አሰጣጥም የመረጃ ጥበቃ አካል ተደርጎ መታየት አለበት።

ምን ማድረግ ይገባል?

ረጅም ስም ሰነድን ሳይከፍቱ ለመለየት የሚሰጠው ጥቅም የማይካድ በመሆኑ ወደ ስምንት ፊደል ዘመን መመለስ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስሙን ሰነዱ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ጠባብ በሆነው በር ልክ መስጠት ነው። ለዚህም የሚከተሉትን መፈጸም ተገቢ ይሆናል፦

• የአንድን ፋይል ስም በ40 የግእዝ ፊደል መወሰን። ይህ 120 ባይት ሲሆን፣ ቁጥሮች፣ ክፍተቶችና ቅጥያው በአንድነት ከ23 እስካልበለጡ ድረስ ከ143 ባይት አያልፍም።

• ሙሉ ዱካው ከ200 እንዳይበልጥ የማህደር ደረጃዎችን መቀነስ፤ በማህደሩ ስም የተገለጸውን በፋይሉ ስም አለመድገም።

• ዓመትን፣ ተራ ቁጥርንና ሌላ መለያን በስሙ መጀመሪያ ላይ ማድረግ፤ ዝርዝሩን በሰነዱ ውስጥ ወይም በመዝገብ ላይ ማስፈር።

• ከእዝባርና ከነጥብ ይልቅ ሰረዝን መጠቀም፤ «ዓ.ም.» የሚለውን «ዓም» ብሎ መጻፍ። ከስም ላይ ቀን የሚያነቡ መተግበሪያዎች 13ኛውን ወር ጳጉሜንን እንደ ስሕተት ሊቆጥሩ ስለሚችሉ የዘመን አቆጣጠሩን በግልጽ ማመልከት።

• ተቋሙ በተደጋጋሚ ለሚጠቀምባቸው ቃላት አንድ ወጥ የፊደል አጻጻፍ መምረጥ።

• ከዝውውር በፊት ከገደብ ያለፉ ስሞችንና ዱካዎችን በፕሮግራም ለይቶ ማስተካከል፤ ለቅጂው ረጅም ዱካን የሚደግፍ እንደ ሮቦኮፒ ያለ መሣሪያ መጠቀም፤ ከዝውውር በኋላ የፋይሎችን ብዛት ማመሳከርና የስሕተት መዝገቡን ማንበብ።

• የቀድሞውን ማከማቻ ማመሳከሩ ተጠናቅቆ በኃላፊ ሳይረጋገጥ አለማጥፋት።

እነዚህ እርምጃዎች አዲስ መሣሪያ መግዛት አይጠይቁም። በአንድ ገጽ የስም አሰጣጥ መመሪያና በጥቂት ሰዓታት ሥልጠና ሊተገበሩ ይችላሉ። ባለጉዳይ ከዓመታት በኋላ የይዞታ፣ የጡረታ ወይም የትምህርት ማስረጃውን ሲጠይቅ የሚጠብቀው ሰነዱ በቦታው መገኘቱን ነው። ያ ሰነድ ስሙ በመርዘሙ ብቻ በዝውውር መካከል እንዳይቀር ማድረግ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍሎች ብቻ ሳይሆን ለፋይል ስም የሚሰጥ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ኃላፊነት ነው።