ሻርም ኤል ሼክን የሠራት ባሕሩ አይደለም

የባሕር በር ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ፎቶ አብሮ ይለጠፋል። ጥርት ያለ ሰማያዊ ውኃ፣ ከሥሩ ባለ ቀለም ዓሣዎች፣ የአየር ሲሊንደር ያዘለ ፈገግተኛ ቱሪስት። ከፎቶው በታች ያለውም ጽሑፍ አይለወጥም፦ «ባሕሩ ቢኖረን ኖሮ!» ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር በይፋ ከተናገሩ ወዲህ ደግሞ ፎቶው በዝቷል። የወደብ ጥያቄ የገቢና ወጪ ንግድ ጉዳይ ነው፣ የራሱ ክብደት አለው፣ ለብቻው ይታይ። የቱሪስቱ ፎቶ ግን ሰውን ያሳስታል።

ምክንያቱም ባሕሩ ነበረ። ኤርትራ በ1952 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ከመቶ በላይ ደሴቶች ያሉት ዳህላክ አብሮ መጣ። በዚያው ዘመን በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የጣሊያን ጠላቂዎች ጉዞ ዳህላክ ደረሰ፤ ፎልኮ ኩዊሊቺ ከዚያ ጉዞ የሠራውን ፊልም «ስድስተኛው አህጉር» ብሎ በ1954 ለዓለም አሳየ። የውጭ ሰው መጥቶ አየ፣ ቀረጸ፣ ሄደ። ምጽዋ ግን የጭነት ወደብና የባሕር ኃይል ሰፈር እንደሆነች ባሕሩ በ1991 ከእጅ ወጣ።

«ጦርነት ነበራ!» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ነበረ። ሲናይም ግን በ1967 እና በ1973 እ.ኤ.አ. የታንክ መፋለሚያ ነበረች። ግብፅ በ1982 ተረከበቻት፤ በዓመቱ፣ በ1983፣ ራስ መሐመድን ብሔራዊ ፓርክ ብላ ከለለች። ሆቴሉ እንዲህ ከመርመስመሱ በፊት ክልከላው ቀደመ።

ለመሆኑ ለጀማሪ የሚመች የተረጋጋ ኮራል ሪፍ ማለት ምንድን ነው? ኮራል ጥቃቅን ሕያዋን ፍጥረታት ለዘመናት የገነቡት ዐለት ነው። ብዙው ዓይነት በዓመት የሚያድገው በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፤ ልምድ የሌለው ጠላቂ በአንድ የእግር ምት የብዙ ዓመት ሥራ ይሰብራል። ጠላቂው ራሱም ተሰባሪ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውኃው ወለል እጥፍ ነው፤ እዚያ አየር ስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ ቢወጣ አየሩ ሳንባው ውስጥ እጥፍ ሆኖ ይነፋና ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት «ትንፋሽህን አትያዝ» ነው። መጀመሪያ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ይለማመዳል፤ ለሙከራ የወረደ ሰው ከአሰልጣኙ ጋር ሆኖ ከ12 ሜትር አያልፍም፣ የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ የጨረሰ ከ18 ሜትር አያልፍም። ምንም ነገር አይነካም፣ ለብቻውም አይወርድም።

ጀልባውስ? መልሕቅ በኮራል ላይ ከተጣለ ሪፉ አለቀለት። ሁርጋዳ ላይ በ1992 የመጥለቅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ ከባሕሩ ወለል ጋር በገመድ የታሰሩ ተንሳፋፊዎችን ተከሉ፣ ጀልባዎች መልሕቅ መጣሉን ትተው በእነሱ ላይ መታሰር ጀመሩ። መንግሥት እስኪያዝዛቸው አልጠበቁም፤ ሪፉ ከሞተ እንጀራቸው እንደሚሞት ገብቷቸዋል። ግብፅ ግን መልአክ አይደለችም። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. «ሲ ስቶሪ» የተባለች የጠላቂዎች ጀልባ በማርሳ አላም አቅራቢያ ሰጥማ ሰዎች አልቀዋል። መረጋጋቱ ከውኃው የመጣ አይደለም፤ ሰው በየቀኑ የሚሠራው ነው፤ የተዘናጉ ቀን ይጠፋል።

አሁን ከባሕሩ ወጥቶ ወደ ሚዛን ተፈሪ። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ከማዕከሎቹ ሁለቱ ሚዛን አማንና ቴፒ ሆኑ። በዙሪያቸው ያለው ደን ልክ እንደ ሪፍ በፎቅ በፎቅ የተሠራ ነው። ላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ቅርንጫፉ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎና የሚዘል ጉሬዛ፣ ከሥሩ በጥላ የሚያድግ ቡና፣ ከመሬቱ ጠጋ ብሎ ኮረሪማና ጥምዝ። ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2010፣ የሸካን ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። እዚህ ሳንባ የሚነፋ ግፊት የለም፤ ሲሊንደር አያስፈልግም። ከዚህ በላይ ለጀማሪ የሚመች ምን አለ?

የጎደለው አሰልጣኙ ነው። አስጎብኚ ማለት መንገድ የሚያሳይ ልጅ ብቻ አይደለም። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው መግባት እንዳለበት የሚወስን፣ የቡና ችግኝ የሚረገጥበትን ቦታ ዘግቶ በሌላ የሚያዞር፣ እንግዳውን «ይህን አትንካ» ብሎ የሚቆጣ ባለሙያ ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ያስመርቃል፤ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ከሚሳፈረው ተመራቂ ስንቱ ነው ደኑን እንዲያስተምር የሠለጠነው?

ክልሉ ስለ ቱሪዝም ሲጠየቅ ዳውሮ ያለውን ሃላላ ኬላን እና ኮንታ ያለውን የዝሆን ዳና ሎጅን ይጠራል። ሁለቱም ያምራሉ። ሆኖም ሎጅ አልጋ ነው፤ ሻርምም አልጋ ሞልቷታል፣ ሰው የሚሄደው ግን ሊወርድ ነው። ሚዛን ላይ ያለ የሻይ ቤት ባለቤት ከኮንታ ሎጅ ምን ይደርሰዋል?

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከዚሁ ከጌሻ አካባቢ ደን የቡና ዘር ሰብስበው ወሰዱ። ዘሩ በታንዛንያ አድርጎ በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ፣ ከዚያም ፓናማ። በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ «ጌይሻ» ብሎ ለውድድር አቀረበውና ዓለም በጨረታ ተሻማበት። ዛሬ የቡና አፍቃሪ ቱሪስት ጌይሻን ለማየት ፓናማ ይበራል። ዳህላክን ጣሊያን ቀረጸው፣ ጌሻን ፓናማ ሸጠው። በዚህ ላይ ሦስተኛ ባሕር ቢጨመር ምን ይለወጣል?

ጸጥታውም መነሣት አለበት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጉራፈርዳ ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ጀማሪ ጠላቂ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዓሣው ሳይሆን «በሰላም እወጣለሁ ወይ?» ብሎ ነው፤ የደን ጎብኚም ጥያቄው ይኸው ነው። የአካባቢው ነዋሪማ ከማንም በፊት ይጠይቀዋል። ይህን ሳይመልሱ ስለ ዶላር ማውራት ነውር ነው።

ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣ ሐረግ መሆኑን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ስፍር ቁጥር የለውም። ቴፒ ላይ ይበቅላል፤ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከሉም እዚያው ነው። አንድ ቤተሰብ ለገና ዕረፍት ልጆቹን ይዞ ይህንን ላሳያቸው ቢል፣ ዛሬ ለማን ነው የሚደውለው?