የምራቅና የደም ምስክርነት ስለ አፍ ነቀርሳ

ለሐኪም በሽታን ከማወቅ ይልቅ የበሽታውን ፍጻሜ አስቀድሞ መናገር ይከብደዋል። በአሁኑ ዘመን ግን በሕንድና በሌሎችም አገሮች ያሉ የሕክምና ሊቃውንት፥ የአፍ ነቀርሳ የያዘውን ሰው የወደፊት ዕድል ከምራቁና ከደሙ ለመረዳት ይደክማሉ። ነገሩም ቀላል አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ይህ በሽታ በዓለም ላይ 390 ሺህ በሚያህሉ ሰዎች ላይ እንደ ተገኘና 188 ሺህ የሚያህሉ እንደ ሞቱበት ተገምቷል፤ ከታመሙትም ከሦስት እጅ አንዱ እጅ የሚበልጠው የሕንድ ሕዝብ ነው።

ኤንዛይም የተባለው ነገር በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ የሚፈጸመውን ሥራ የሚያፋጥን ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኦቶ ዋርቡርግ በ1920ዎቹ ዓመታት እንደ ገለጠው፥ የነቀርሳ ሕዋስ አየር ሳይጐድለው እንኳ ስኳርን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል። ለዚህም ሥራ ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለው ኤንዛይም ያገለግለዋል፤ ሕዋሱም በፈረሰ ጊዜ ኤንዛይሙ ወደ ደምና ወደ ምራቅ ይፈሳል። ስለዚህ በሕመምተኞች ላይ መጠኑ ከጤነኞች በልጦ ተገኝቷል። ምራቅም ያለ መርፌና ያለ ሥቃይ የሚወሰድ ስለ ሆነ ለድኃ አገር ተስፋ ይሰጣል።

ነገር ግን አንድ ምስክር ብቻውን ፍርድ አይቆረጥበትም። ይኸው ኤንዛይም ጉበት ሲታመም፥ ቀይ የደም ሕዋስም ሲፈርስ በደም ውስጥ ይጨምራል፤ የድድ ቁስልም በምራቅ ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ስለ ሆነም ሐኪሞች ዛሬም ፍርዳቸውን የሚያጸኑት በዕብጠቱ ስፋትና ጥልቀት፥ ወደ አንገት ዕጢዎች መድረሱንና አለመድረሱንም በመመርመር ነው።

ከዚህም ሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። በሕንድ በኬረላ ግዛት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሠለጠኑ ሠራተኞች የሰዎችን አፍ በዓይናቸው ብቻ ይመረምሩ ነበር። በ2005 ዓ.ም. በታተመው ውጤት፥ ትንባሆ ወይም መጠጥ ከሚወስዱት መካከል በአፍ ነቀርሳ የሚሞተው ቊጥር ካልተመረመሩት ይልቅ በመቶ 34 ያህል አንሶ ታየ። የበሽታውም ምክንያት የተሰወረ አይደለም፤ ትንባሆ፥ የአልኮል መጠጥና በእስያ የሚታኘከው የአሬካ ፍሬ ናቸው።

እንግዲህ የጤና ሹማምንት ሁለቱን ነገር ማመዛዘን ይገባቸዋል። የኤንዛይም ምርመራ ይቀጥል፥ በብዙ ሕመምተኞችም ላይ ይፈተን፤ ነገር ግን መሣሪያ እስኪመጣ ተብሎ የዓይን ምርመራ አይዘግይ። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት፤ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ የሚገኝ ዕውቀት የሞቱን ቀን ከመቍጠር በቀር ብዙ አይረዳምና።