ጆሮ ዳኛ አይሆንም!

በቀደም አንዱ ወዳጃችን «የላቲኑ ‹ሐቤሬ› እና የእንግሊዝኛው ‹ሃቭ› አንድ ናቸው፤ ድምፁም ፍቺውም ይመሰክራል» ብሎ አፍ አፋችንን አለን። የለም ወንድሜ! የ‹ሃቭ› ዘመድ ሌላው የላቲን ቃል፣ ‹ካፔሬ› ነው፤ «ያዘ» ማለት። የላቲኑ ‹ክ› በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ‹ህ› ይሆናላ! ‹ኮርኑ› (ቀንድ) ‹ሆርን› የሆነው በዚሁ ሕግ ነው። ያዕቆብ ግሪም ይህን በ1822 እ.ኤ.አ. ጽፎታል።

እሺ፣ እውነተኛ ዘመዳሞቹስ ይታመናሉ? ‹ጊፍት› በእንግሊዝኛ ስጦታ፣ በጀርመንኛ መርዝ! ሁለቱም ከ«መስጠት» የወጡ ናቸው፤ ጀርመኖቹ ለበሽተኛ የሚሰጠውን መድኃኒት ሲሉበት ቆይተው መርዝ አደረጉት። (እኛስ «የአይጥ መድኃኒት» እንል የለ?)

ይኸው ወዳጃችን ለመጽሔታችን ከጀርመንኛ ልተርጉም ብሏል አሉ። ባለታሪኩን በ«ስጦታ» ሊገድልልን ነው!