54 ሜትር

ከተማችን በስሙ የምትጠራበትን የደብረ ታቦርን በዓል አክብረን ዐሥር ቀን ባለፈን ጊዜ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ያለምዘርፍ የኋላው የተባለች የ22 ዓመት ወጣት በሰሜን አየርላንድ ላርን በምትባል ከተማ ግማሽ ማራቶን ሮጣ በ1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ፈጸመች። ይህም ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በ18 ሰከንድ የፈጠነ ነበር፤ ነገር ግን ጎዳናው እንደገና ሲለካ 54 ሜትር ጎድሎ ስለ ተገኘ ክብረ ወሰኑ ሳይጸድቅ ቀረ። ጉድለቱ የመንገዱ እንጂ የእግሯ አልነበረም፤ 54 ሜትር በእርሷ ፍጥነት ዐሥር ሰከንድ የማይሞላ ስለ ሆነ፣ ያ ቢጨመርበት እንኳ ክብረ ወሰኑን ከመስበር የሚያግዳት አልነበረም።

ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ቆይታ በዘመነ ጽጌ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በቫሌንሲያ እንደገና ተሰለፈችና በትክክል በተለካ ጎዳና በ1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ገባች፤ የቀድሞውን ክብረ ወሰንም በ11 ሰከንድ አሻሻለች። ዳሩ ግን በዚያው ሩጫ ለተሰንበት ግደይ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ቀድማት ስለ ነበር፣ አክሊሉ ለሁለተኛ ጊዜ ከእጇ አመለጠ። እኔ የዚህችን ልጅ ታላቅነት የምጀምረው ከዚህ ነው። ሰው በራሱ ስንፍና ያጣውን በቀላሉ ይረሳዋል፤ ሳያጠፋ የተነፈገውን ግን በኅሊናው ቂም ሳያበቅል ተቀብሎ በማግሥቱ ማለዳ ወደ ልምምዱ መመለስ የብርቱ መንፈስ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። በዐቢይ ጾም ቅበላ እሑድ፣ የካቲት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በካስቴሎን ከተማ 10 ኪሎ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ጾሙ ተፈጽሞ ሕዝበ ክርስቲያን ትንሣኤውን ባከበረበት በዚያው ዕለትም በሀምቡርግ በሕይወቷ የመጀመሪያ የሆነውን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አሸነፈች። መስከረም 22 ቀን 2015 ዓ.ም. በሎንዶን ስትሮጥ 32ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተደናቅፋ አስፋልቱ ላይ ወደቀች፤ ተነሥታ ግን ያለፈውን ዓመት አሸናፊ ጆይሲሊን ጄፕኮስጌይን በ41 ሰከንድ ቀድማ በ23 ዓመቷ በሎንዶን ማራቶን ታሪክ በዕድሜ ለጋዋ ሴት አሸናፊ ሆነች።

በኮሪያ አገርም እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል። በ1990 ዓ.ም. ክረምት አገሪቱ በኢኮኖሚ ችግር ተጨንቃ ሳለ፣ ፓክ ሴ ሪ የተባለች የ20 ዓመት ወጣት ለአሜሪካ የሴቶች ኦፕን የጎልፍ ውድድር ቀርባ ነበር። ጎልፍ፣ በገና ጨዋታ ሩሩን እንደምንመታ ሁሉ፣ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ከሩቅ ጉድጓድ የሚያገቡበት ጨዋታ ነው። ኳሷ በኩሬ ዳር ዐርፎ ባስቸገራት ጊዜ ጫማዋንና ካልሲዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ውኃው ውስጥ ገብታ መታችው፤ በመጨረሻም ዋንጫውን ወሰደች። ያን ጊዜ አይተዋት ዱላ ካነሡት ሕፃናት አንዷ ፓክ ኢን ቢ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ ወርቅ ተሸልማለች። ሕፃናቱ ያዩት ዋንጫውን ብቻ ሳይሆን ውኃ ውስጥ የገባውንም ባዶ እግር ነበርና፣ የእኛም ልጆች ከሽልማቱ ጋር መውደቁንና መነፈጉን አብረው ይሰሙ ዘንድ አጥብቄ እሻለሁ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ለሚወጣ ሰው፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምተው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት በብርዱ ውስጥ እየታየ የሚሮጡ ልጆች ያጋጥሙታል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጉና ተራራ ሥር ተወልዶ ስስ አየር ሲተነፍስ ያደገ ልጅ፣ ደሙ ኦክስጅን አብዝቶ መሸከምን ስለሚለምድ፣ ለረጅም ሩጫ የተሰጠ ጸጋ አለው። ጸጋው ግን ያለ አሠልጣኝ፣ ያለ በቂ ምግብና ያለ ዕረፍት ፍሬ አያፈራም፤ ያልጠና አጥንትም ለገንዘብ ተብሎ በየሳምንቱ ከተወዳደረ በዐሥራዎቹ ዕድሜ ይሰበራል።

ከፋርጣ የመጡ አንድ አባት በገበያ ቀን አግኝተውኝ፣ «መምህር፣ ልጅቱ ሩጫ ካልሆነ ብላ ትምህርቷን ልትተው ነው፤ ልተዋት ወይስ ልከልክላት?» ሲሉ ጠየቁኝ። እርሳቸው የሰሙት የሎንዶንን ድል ብቻ ነበርና የላርንን ነገር ከመነሻው ነገርኳቸው፤ በጥሞና አደመጡኝ። መከልከልም፣ እንዲሁ መልቀቅም አልመከርኩም። ማለዳ እየሮጠች ቀን እንድትማር፣ ወኪል ነኝ ባይ ውል ይዞ ቢመጣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያነበው እንዳይፈርሙ፣ ጉልበቷን ያመማት ቀንም ማንም እንዳያስገድዳት ለመንኳቸው። እርሳቸውም እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ድረስ በዚሁ እንድትቆይ፣ ከዚያ በኋላ ግን ውሳኔውን ለእርሷ እንደሚተዉላት ቃል ሰጥተውኝ ተለያየን።