ያሳከከ ሁሉ እከክ አይደለም!

በስደት ኑሮ አንድ ሰው ሰውነቱን ማከክ ከጀመረ ፍርዱ ቶሎ ይሰጣል። «እከክ ይዞታል፣ አትጠጉት!» ይባላል። ፍራሹ ለብቻ፣ ኩባያው ለብቻ ይሆናል። እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ አንዲት ክፍል ለአራትና ለአምስት ተከራይተን በምንኖርበትም ሆነ እናንተ ባላችሁበት በካኩማና በዳዳብ ነገሩ ያው ነው። እኛ ይህን ፍርድ እንቃወማለን።

ሐኪሞች ሶሪያሲስ የሚሉት የቆዳ በሽታ አለ። ክርን፣ ጉልበት፣ ወገብና የራስ ቆዳ ላይ ዳር ዳሩ የለየ፣ ወፈር ያለ፣ ነጭ ቅርፊት የለበሰ ነገር ያወጣል። አንዳንዱ ጭርት፣ አንዳንዱ ችፌ፣ ሌላው ለምጽ ይለዋል። ማምታታቱ በእኛ አልተጀመረም። ስሙ ራሱ የመጣው ማሳከክ የሚል ትርጉም ካለው «ፕሶራ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። በአውሮፓም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከሥጋ ደዌ ጋር እየተምታታ ሕመምተኛው ሲገለል ኖሯል። ዛሬ ግን ነገሩ ታውቋል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ውሳኔ ሶሪያሲስ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ በሽታ መሆኑን አስታውቋል። በመጨባበጥም፣ በአንድ ዕቃ በመብላትም፣ አብሮ በመተኛትም አይያዝም።

ታዲያ የማይጋባ ከሆነ ለምን ያሳክካል? አንደኛ፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች ያለ ጠላት ይነሳሉ። የሚረጩት ኬሚካል ቆዳውን ያስቆጣል፣ የማሳከክ ስሜት የሚያስተላልፉትንም ነርቮች ይነካካል። በአንድ ወር ገደማ መታደስ የነበረበት ቆዳ በጥቂት ቀናት እየታደሰ ይከመራል። ሁለተኛ፣ የታመመው ቆዳ ውሃ መያዝ ስለሚያቅተው ይደርቃል። የልብስ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ደግሞ ያብሱበታል። ሦስተኛ፣ ማከኩ ራሱ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ኮብነር በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ ደህና የነበረው ቆዳ ሲቧጠጥ እዚያው ላይ አዲስ ሊወጣ ይችላል። አራተኛ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ነው። የኬዝ መልስ የሚጠብቅ ሰው ጭንቀት ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም! ሰውየውን ስናገልለው ጭንቀቱ ይጨምራል፤ ማሳከኩም አብሮ ይብሳል ማለት ነው።

የቦታውም ነገር አለ። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብርድና ደመና ነው። ፀሐይ ለብዙዎቹ ሕመምተኞች ስለሚጠቅም፣ ከካኩማ ለሕክምና የመጣ ሰው በዚህ ወቅት ቢብስበት አይደንቅም።

እርግጥ ነው፣ እውነተኛ እከክም በመካከላችን አለ፤ እሱም የሚድን በሽታ ነው። በሌሊት ይብሳል፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ አብረው የሚኖሩትንም ያሳክካቸዋል። እሱ ሲሆን ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። ይህን የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

በክሊኒክም ቢሆን «ያሳክከኛል» ብሎ ማቆም አይበቃም። ከመቼ ጀምሮ፣ የት ቦታ፣ በቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው መኖር አለመኖሩን መናገር ያስፈልጋል። አስተርጓሚዎችም ይህን ሳትቆርጡ አድርሱልን። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩ። ለምሳሌ ለቪቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን በአንዳንድ ሰው ላይ ሶሪያሲስን ሊያስነሳ ይችላል። ነገር ግን ሐኪም ሳያዝ በራስ ማቋረጥ አይገባም። ከሱቅ የሚገዙ ቆዳ የሚያቀሉ ክሬሞችንም ተጠንቀቁ። አንዳንዶቹ ኃይለኛ ስቴሮይድ አላቸው። ለጊዜው ማሳከኩን ያስታግሱና ሲተዉ በሽታው ብሶ ሊመለስ ይችላል፣ ቆዳውንም ያሳሳሉ።

በሽታው ጨርሶ ባይነቀልም ማስታገሻ አለው። በሐኪም ትእዛዝ የሚቀባ መድኃኒት አለ። በቤት ደግሞ ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጥቦ፣ ቆዳው እርጥብ እንዳለ ቫዝሊን መቀባት፣ ጥፍርን ማሳጠር፣ ሲያሳክክ ከመቧጠጥ ይልቅ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ጣል ማድረግ ይረዳል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ሳሙና የሚያድሉ ድርጅቶች ይህ ሕመም ላለባቸው ቫዝሊንም ይጨምሩ፤ ለእነሱ መድኃኒት እንጂ መዋቢያ አይደለም። እናንተ የየብሎኩ መሪዎችና የቤት አባወራዎች ደግሞ፣ በሐኪም ሳይታይ ማንንም ከማዕድ አትለዩ። አገሩን፣ ቤቱንና ዘመዱን ያጣ ሰው በቆዳው ምክንያት የቀሩትን ጥቂት ወዳጆች ሊያጣ አይገባም!