ከቅርፊቱ በፊት ዛፉ

የአገራችን ሰው መድኃኒት ከመደብር መግዛት ከመጀመሩ በፊት ከዛፍ ልጦ፣ ወቅጦና ዘፍዝፎ ሲጠጣ የኖረ መሆኑን የማያውቅ የለም። በዚህ ነገር አንዳንዱ የተማረ ወጣት ያፍርበታል፤ ሌላው ደግሞ ሳይመረምር ይመካበታል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ከእውነቱ ጎድለዋል።

ዛፍ ከጠላቱ ሸሽቶ ማምለጥ የማይችል ፍጥረት ነው። ስለዚህ ተባይና ሻጋታ እንዳያጠፉት መራራና መርዛም ንጥረ ነገሮችን በቅርፊቱ ያከማቻል፤ ታኒንና አልካሎይድ የሚባሉት ከነዚሁ ወገን ናቸው። ዛፉን የሚጠብቀው ይኸው ነገር በልክ ሲወሰድ ሰውን ሊፈውስ፣ ልክ ሲያልፍ ሊገድል ይችላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከሲንኮና ቅርፊት ኪኒንን ለይተው ባወጡ ጊዜ፣ የወባ ሕክምና ከግምት ወደ ሚዛን ተሸጋገረ።

በአገራችን ደኖች የሚበቅለው ጥቁር እንጨት የተባለው ዛፍም በዚሁ ተራ የሚገባ ነው። ዣክ ዴባ የተባለ ፈረንሳዊ በ1966 የዚህን ዛፍ የቅርፊት ጭማቂ፣ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ፕሮስቴት አብጦ ሽንት ሲያስቸግራቸው ለማከም የባለቤትነት መብት አወጣበት። ከዚያ ወዲህ 1,562 ሰዎች የተካፈሉባቸው 18 ሙከራዎች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ መጠነኛ ማስታገሻነት እንዳለው ታይቷል፤ ይሁን እንጂ ሙከራዎቹ ትንንሾችና አጫጭር ነበሩ። እንግዲህ ከንቱ ነው አይባልም፤ ተአምር ነውም አይባልም።

ገበያው ግን ሚዛኑን አልጠበቀም። በካሜሩን ተራሮች ላይ ብዙው ዛፍ ቅርፊቱ ዙሪያውን ተገፎ ደርቆ ቀረ። ምክንያቱም ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ የውስጥ ሽፋን በኩል ነው፤ ዙሪያው ከተላጠ ሥሩ ተርቦ ይሞታል። ከዚህ የተነሣ ዛፉ ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ዋለ።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በጌዴኦ፣ በወርቃና በአካባቢዋ ገበሬው ቡናውንና እንሰቱን የሚያለማው ዛፉን ጨርሶ መንጥሮ ሳይሆን በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ከጥላ ዛፎቹ አንዱ ብርብራ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣን የሚያደነዝዝ መሆኑን የቀድሞ ሰዎች ከላቦራቶሪ በፊት ያውቁ ነበር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ይህ ክብር የተገኘው ዛፉን አቁመው ከሥሩ መኖርን ካወቁ አባቶችና እናቶች ነው።

ታዲያ ከወጣቱ የሚፈለገው ምንድር ነው? ተማሪው፣ በዲላ ዩኒቨርሲቲም ይሁን በሌላ፣ የሽማግሌውን ዕውቀት ከመናቅም በጭፍን ከማመንም ተቆጥቦ፣ የትኛው ዛፍ፣ የትኛው ክፍሉ፣ በምን ያህል መጠን፣ ለየትኛው ሕመም እንደሚሰጥ ይጻፍ፤ ከዚያም ይመዝን። በወሬ ብቻ ተነሥቶ ቅርፊት አፍልቶ መጠጣት ግን ምርምር ሳይሆን ድፍረት ነው። ባለሥልጣኑም ሕግ በእጁ አለው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱና በዕፅዋቱ ከሚገኘው ጥቅም ተካፋይ እንዲሆን መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን ይህ መብት በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ብቻ ቢቀር ለገበሬው ምን ይረባዋል? ነጋዴው ከረጢቱን ይዞ ሲመጣ የሚቀድመው የፈቃድ ማኅተም መሆን የለበትም፤ ዛፉ ሳይሞት ምን ያህል ይላጣል፣ ለባለ ዕውቀቱስ ምን ይደርሰዋል የሚለው ጥያቄ መሆን አለበት።

ቅርፊቱን ሸጦ ዛፉን ያጣ አገር መድኃኒቱንም መልሶ በውድ ዋጋ ይገዛል። እኛ ግን ዛፉም ዕውቀቱም ገና በእጃችን ሳሉ ሁለቱን አብረን ለመጠበቅ ጊዜ አለን።