የሾፌሩ የመገናኛ ሬዲዮ ከጋላፊ ወዲህና ወዲያ

በጂቡቲ ወደብ ከመርከብ ተራግፎ በከባድ መኪና የሚጫነው ማዳበሪያ በጋላፊ ኬላ ገብቶ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል ወደ መሐል አገር ይጓዛል። እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ብቻ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከዚያም እስከ ወረዳው መጋዘን የሚቀረው አለ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ለኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠቱን ካቆመ ወዲህ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ዋና መተላለፊያ የጂቡቲ መሥመር መሆኑን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በሚገባ ያውቁታል። ብዙም ያልተነገረለት ጉዳይ ግን መኪናው በረሃ ላይ ቢበላሽ ሾፌሩ ከማን ጋር ሊነጋገር እንደሚችል ነው።

የእጅ ስልክ ማማው በማይደርስበት ሥፍራ ዋጋ የለውም። የመገናኛ ሬዲዮ ግን ማማ ሳይፈልግ ከመኪና ወደ መኪና በቀጥታ ያነጋግራል። ኃይሉ አነስተኛ የሆነው ዓይነት የሚሰማው እንደ መሬቱ አቀማመጥ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢሆንም፣ ተከታትለው ለሚጓዙ ሾፌሮች ይበቃል። ጎርፍ የቆረጠውን መንገድ ወይም ጠመዝማዛ ላይ የቆመውን ተሳቢ የፊተኛው ለኋለኛው ይነግረዋል። ተሳቢ ያለው መኪና እስከ 400 ኩንታል ይጭናል። ለአንድ ሄክታር ሁለት ኩንታል ቢታሰብ፣ አንድ መኪና መንገድ ላይ ሲቀር 200 ሄክታር መሬት ማዳበሪያውን ይጠብቃል ማለት ነው። ዝናብ ደግሞ መኪና እስኪጠገን አይጠብቅም።

ይሁን እንጂ ሬዲዮ እንደ ክሪክ ወይም እንደ ትርፍ ጎማ ገዝተው መኪና ላይ የሚጭኑት ዕቃ አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ የጋራ ሀብት ነው። በአንድ የመስኖ ቦይ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ተራቸውን የሚያስከብርላቸው የውሃ አባት እንደሚያስፈልጋቸው ሁሉ፣ ሞገድንም የሚያከፋፍል አካል ከሌለ የሾፌሩ ወሬ ከአምቡላንስ ወይም ከአውሮፕላን መገናኛ ጋር ሊደበላለቅ ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በደንቡ፣ ማንኛውም ግለሰብ ወይም ድርጅት ከመንግሥት ፈቃድ ሳያገኝ ማስተላለፊያ ሬዲዮ እንዳያሠራ የከለከለው ስለዚህ ነው። በአገራችን ይህን ሥራ የሚያከናውነው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ የሌለውን የመገናኛ ሬዲዮ ወደ አገር ማስገባትም የተከለከለ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ኬላው ላይ ነው። ፈቃድ የሚጸናው በሰጠው መንግሥት ግዛት ውስጥ ስለሆነ፣ ሚሌ ላይ ሕጋዊ የነበረው ሬዲዮ ሌላ ስምምነት ከሌለ ጋላፊን ሲሻገር ፈቃድ የሌለው ዕቃ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው የጂቡቲ ሾፌርም ነገሩ ያው ነው። ሬዲዮው ቢያዝ ጉዳቱ የሾፌሩ ብቻ ይመስላል። መኪናው ለምርመራ ሲቆም ግን ማዳበሪያውም አብሮ ይቆማል።

ይህ ችግር በሌሎች አገሮችም ነበር። አሜሪካና ካናዳ የአንዱ ዜጋ በተሽከርካሪው ላይ ያለውን ሬዲዮ በሌላው ግዛት የሚያሠራበትን ውል ኦታዋ ላይ የተፈራረሙት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 የነዳጅ እጥረት በኋላ በአሜሪካ የጭነት መኪና ሾፌሮች ዘንድ ሬዲዮ እጅግ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1983 መንግሥት ለዚህ ዓይነቱ አነስተኛ ሬዲዮ የግል ፈቃድ መጠየቁን ተወ። ሆኖም ፈቃዱ ቢቀርም የኃይሉ ልክ አልቀረም፤ በተራው አሠራር ከ4 ዋት ማለፍ ክልክል ነው። የአውሮፓ አገሮችም ሾፌር በየድንበሩ አዲስ ፈቃድ እንዳይጠየቅ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ወጥ ውሳኔ አሳልፈዋል።

የአሜሪካው መንገድ ለዚህ መሥመር አይስማማም። የኮንትሮባንድ መተላለፊያ በሆነ በረሃ ሬዲዮን ሳይመዘግቡ መልቀቅ የጸጥታ ኃላፊዎችን ቢያሳስብ አያስገርምም። ነገር ግን ጨርሶ መከልከልም ያንኑ ኮንትሮባንዲስት ይጠቅማል፤ እሱ ድሮም ፈቃድ አልጠየቀምና። የተሻለው መንገድ ዓለም አቀፉ ደንብ ራሱ ለጎረቤት አገሮች በተወው የስምምነት በር መግባት ነው። ኢትዮጵያና ጂቡቲ ለጭነት መኪናዎች የሚውሉ ጥቂት የጋራ ሞገዶችን ቢለዩ፣ የኃይሉን ልክ ቢወስኑ፣ የሬዲዮው መለያ ቁጥርና የመኪናው ታርጋ የተጻፈበት አንድ ካርድም በሁለቱም ኬላ እንዲታወቅ ቢያደርጉ፣ ተቆጣጣሪው የሚያየው ወረቀት፣ ሾፌሩም የሚያሳየው ማስረጃ ይኖራቸዋል። ጎማና ሚዛን የሚፈተሽበት ኬላ ይህን መፈተሽ አይከብደውም።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሞገድ አያከፋፍሉም። ዩኒየኖቻቸው ከማመላለሻ ድርጅቶች ጋር ሲዋዋሉ ግን ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። በመኪናው ላይ ሬዲዮ ካለ ፈቃዱ በማን ስም እንደ ወጣና ድንበር ሲሻገር ምን እንደሚደረግበት በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። ፈቃድ በሌለው ሬዲዮ ምክንያት ጭነት ቢዘገይ ኪሣራው የባለ መኪናው እንጂ የገበሬው እንዳይሆንም አብሮ መወሰን ይኖርበታል። የራሳቸው መኪና ያላቸው ዩኒየኖች ደግሞ ሬዲዮ ከመግዛታቸው በፊት ማመልከቻቸውን ለባለሥልጣኑ ማቅረብ አለባቸው፤ ይህም ጭነት ሳይጀመር በበጋው ወራት ቢሆን ይመረጣል።